ስለ አሮጌ ብስክሌት፤ አመጣጡ፣ የሚናገረው ታሪክና በቤት የሚደረግለት እድሳት



እንደሚታወቀው እድራችን የተቋቋመው ሰው ሲሞት ለመቅበርና ያዘነውን ለማጽናናት ነው። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንበሩና ድስቱ ተቆጥሮ ወደ ዕቃ ቤት ከተመለሰ በኋላ በሟቹ ቤት ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ልጆች ጓዳውን ሲያጸዱ፣ ግድግዳ ተደግፎ የኖረ ዝገት የበላው ብስክሌት ይገኛል። «ይኼ ደግሞ ለምን ይቀመጣል?» ይባልና ለቆራሊዮ በኪሎ ተመዝኖ ይሰጣል። የሚገኘውም ገንዘብ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ባለቤቱ ግን በዚያ ብስክሌት ሥራ ውሎ ገብቶበታል፤ ልጅ አፈናጦ ትምህርት ቤት አድርሶበታል፤ ምናልባትም የዘመድ መርዶ ሊነግር ሌሊት ነድቶበታል።

በዘንድሮው መጽሔታችን ስለዚሁ ዕቃ ለመጻፍ ያነሣሣን ይህ ነው። አሳባችንም አጭር ነው። አሮጌ ብስክሌት ብረት ብቻ አይደለም፤ ማንበብ ለሚያውቅ ሰው የታሪክ ጽሑፍ ነው። ስለዚህም በቤታችን ስናድሰው ጽሑፉን ሳንፍቅ ማደስ ይገባናል። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ አመጣጡን፣ ቀጥሎ አነባበቡን፣ በመጨረሻም አስተዳደሱን እናቀርባለን።

ነገር ከሥሩ

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከጥንቱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ድራይስ የተባለ የጀርመን አገር ሰው ሁለት የእንጨት ጎማዎች ፊትና ኋላ አድርጎ፣ ተቀምጦ በእግሩ መሬቱን እየገፋ የሚሄድበትን ዕቃ ሠራ። ፔዳል አልነበረውም። ፔዳል የመጣው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በፈረንሳይ አገር በ1860ዎቹ ሲሆን፣ እሱም በፊተኛው ጎማ ላይ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ቅርጽ፣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል የሚመስሉበትና ሰንሰለት የኋላውን ጎማ የሚያዞርበት፣ በእንግሊዙ በጆን ኬምፕ ስታርሊ እጅ በ1885 ለገበያ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጆን ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም መሠረቱ አልተለወጠም። መቶ ዓመት ያለፈው ብስክሌት ዛሬ ከሚሸጠው ጋር ጎን ለጎን ቢቆም፣ አንድ ልጅ ሁለቱንም ብስክሌት ብሎ ይጠራቸዋል። እንዲህ ዓይነት ዕድሜ ያለው መሣሪያ ብዙ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የጎጃም ሰው ከብስክሌት በፊት በእግሩና በበቅሎው የሚሄድ ሰው ነበር። ከመንቆረር፣ ማለት ከዛሬው ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ቢቸናም ሆነ ወደ ደምበጫ የሚሄድ ባለጸጋ በቅሎውን አስጭኖ ነበር የሚነሣው። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብስክሌት ሲመጣ የሚቀመጡበትን ነገር ምን አልነው? «ኮርቻ» አልነው። ከባዕድ ቋንቋ ቃል አልተዋስንም፤ የበቅሎውን ቃል ሰጠነው። መሄዱንም «መንዳት» አልነው፤ ይኸውም የከብቱና የአህያው ቃል ነው።

የቀሩት ቃላት ግን ሌላ ታሪክ ይነግሩናል። «ብስክሌት» የሚለውን ስም ብናዳምጠው ከጣሊያንኛው «ቢቺክሌታ» ይልቅ ለፈረንሳይኛው «ቢሲክሌት» ይቀርባል። «ፍሬን» የሚለውም እንደዚሁ የፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት በፈረንሳይኛ ነበር፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርም የሚሠራው በዚሁ ቋንቋ ነበር። ስለዚህ ስሙ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት የገባ ይመስለናል።

የአካላቱ ስም ግን ጣሊያንኛ ነው። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዲናሞ፣ ግራሶ፤ መፍቻውም ካቻቢቴ፣ መቆንጠጫውም ፒንሳ። ካላማዳሪ ማለት በጣሊያንኛ «የአየር ክፍል» ማለት ነው። ጎሚስታ እያልን የምንጠራው ጎማ ጠጋኝም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። እነዚህ ቃላት በትምህርት ቤት አልገቡም፤ በጋራዥ፣ በመንገድ ሥራና በጎማ ጥገና በኩል ከእጅ ወደ እጅ ገቡ። ጠላት ደብረ ማርቆስን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ጦሩን ለማንቀሳቀስ መንገድ መሥራት፣ ካሚዮን መጠገን ግድ ሆነበት። ያገራችን ሰው ወዶም ሆነ ተገዶ እዚያ ሲውል ሙያውን ከነቃሉ ተማረ።

አንድ ቃል ግን ለብቻው እናንሣ። በጣሊያንኛ «ካቴና» ማለት ሰንሰለት ነው፤ የብስክሌቱም ሰንሰለት ካቴና ይባላል። በእኛ አገር ግን የብስክሌቱን «ሰንሰለት» ስንል፣ «ካቴና» የምንለው የእስረኛ እጅ የሚታሰርበትን ነው። ይህን ቃል ሕዝቡ መጀመሪያ የት እንደሰማው አንባቢ ይፍረድ። አምስቱን የመከራ ዓመታት በአንድ ቃል ያስቀመጠ ታሪክ ነው።

ከነጻነት በኋላ

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጠላት ደብረ ማርቆስን ለቀቀ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በከተማችን በኩል አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ጠላት ሲወጣ ሙያውና ቃሉ ቀረ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ አሠራር ብስክሌት በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። በኖቲንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1887 የተመሠረተው ራሌይ የሚሠራው ዓይነት፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ባለ 28 ጎማ፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ ለብዙ አገር አብነት ሆነ። የቻይናዎቹ ፍላይንግ ፒጅንና ፊኒክስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የተሠራው የህንዱ ሂሮም ያንኑ መልክ ይዘው ወጡ። ስለዚህ በአንድ ጓዳ ያለ ጥቁር ብስክሌት «የእንግሊዝ ነው» ቢባል ወዲያው ማመን አይገባም፤ ማየት ያስፈልጋል።

የእሽቅድምድሙ ነገርም መጠቀስ አለበት። በአስመራ ጂሮ ዴሪትሪያ የተባለው የብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1946 ተጀመረ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ ወደ ሜልቦርን የላከችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም፤ ብስክሌተኞችንም ነበር። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋናና ፀሐዬ ባሕታ አራቱ ነበሩ። ገረመው ደንቦባ በ1952 ዓ.ም. በሮምም ተወዳድሯል። በዚያው ሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሕፃን ዐዋቂው ያውቀዋል፤ የብስክሌተኞቹን ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የኢትዮጵያን ስም ወደ ኦሊምፒክ ያስገቡት እግርና ፔዳል አብረው እንደነበሩ ልጆቻችን ቢሰሙ መልካም ነው።

በጎጃም ውስጥ የብስክሌት ከተማ የተባለችው ባሕር ዳር ናት። ይህም የሆነው የባሕር ዳር ሰው ከእኛ ይልቅ ብስክሌት ስለወደደ አይደለም። ከተማዋ በጣና ዳር ሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ ከፍታዋም 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ሲከፈቱ በሰዓት የሚገባና የሚወጣ ሠራተኛና ተማሪ በዛ። ሜዳና የሥራ ሰዓት ባሉበት ብስክሌት ይበዛል። ደብረ ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ሽቅብና ቁልቁል አላት፤ ክረምቱም ጭቃና ብርድ ነው። እዚህ ብስክሌት የያዘ ሰው ጉልበት ከፍሎበት ነው የያዘው። በመሆኑም በከተማችን የተረፈ አሮጌ ብስክሌት ሁሉ የአንድ ብርቱ ሰው ምስክር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ብስክሌቱን ማንበብ

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ብስክሌቱን ብርሃን ላይ አውጡና ተመልከቱት። ዛሬ በየእጃችን ስልክ ስላለ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሡት፤ ኋላ ሲገጣጠም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ከመሪው በታች፣ በአንገቱ ፊት ላይ ያለውን ምልክት እዩ። ምልክቱ ወድቆ ቢሆን እንኳ የተያዘበት ቀዳዳና ጥላው ይቀራል። ቀጥሎ ቁጥሩን ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኮርቻው በታች ባለው ቧንቧ ወይም ፔዳሉ በሚዞርበት ሥፍራ ከሥር ተመትቶ ይገኛል። ይህ ቁጥር የብስክሌቱ የክርስትና ስም ነው፤ በምንም ምክንያት አይሞረድ።

ሦስተኛ የኋላውን ጎማ እምብርት በላምባ ጠርጉና አንብቡ። «ስተርሚ አርቸር» የሚል የእንግሊዝ ጽሑፍ ካለበት፣ በውስጡ ማርሽ አለ ማለት ነው። ይህ ፋብሪካ በብዙዎቹ እምብርቶች ላይ የተሠራበትን ዓመት በሁለት አኃዝ ይመታ ነበር። «57» ቢል እ.ኤ.አ. 1957 ማለት ነው። የልደት ቀኑ የማይታወቅ ስንት አባት ባለበት አገር፣ የብስክሌቱ ልደት ብረት ላይ ተጽፎ መገኘቱ ያስገርማል። ነገር ግን ጎማው ከሌላ ብስክሌት መጥቶ ሊሆን ስለሚችል ከሌላው ምልክት ጋር ማመሳከር ያሻል።

አራተኛው ምስክር ጥርሱ፣ ማለት የብሎኑ ጥምዝ ነው። ፔዳሉ የሚዞርበትን ቧንቧ ከግራና ከቀኝ የሚዘጉ ሁለት ክብ ብረቶች አሉ። በጣሊያን አሠራር ሁለቱም የሚፈቱት እንደ ማንኛውም ብሎን ነው። በእንግሊዝ አሠራር ግን በሰንሰለቱ በኩል፣ ማለት በቀኝ ያለው ተገላቢጦሽ ነው የሚፈታው። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የታገለ ሰው ቴላዮውን ያበላሻል፤ ያወቀ ግን ብስክሌቱ ከየት አገር ሥርዓት እንደመጣ ከእጁ ይረዳል። የግራው ፔዳል ደግሞ በየትኛውም ብስክሌት ተገላቢጦሽ ነው።

በቤት ማደስ

የታሰረ ብሎን በችኮላ አይፈታም። ማታ ላምባና ዘይት ቀላቅሎ ማንጠባጠብ፣ ሌሊቱን መተው፣ በማግሥቱም ልኩን በጠበቀ መፍቻ መሞከር ነው። በአሮጌዎቹ ብስክሌቶች የፔዳሉን ክንድ የሚይዘው ከጎን የሚገባ ሾጣጣ የብረት ካስማ ነው። ይህን ለማውጣት ዳዶውን ሙሉ በሙሉ ሳያወልቁ እስከ ጫፉ ማላላት፣ ክንዱን ከሥር በጠንካራ ነገር ማስደገፍ፣ ከዚያም በአንድ ቀጥተኛ ምት መምታት ነው። ደጋግሞ በቀስታ መቀጥቀጥ ካስማውን ያጎብጠዋል እንጂ አያወጣውም።

ዝገቱን በተመለከተ፣ የነጣውንና የሚያብረቀርቀውን ብረት በሸካራ ነገር አትፈትጉት። ላምባ በጨርቅ፣ ለከበደው ደግሞ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል፤ ኋላ ግን በውኃ ታጥቦ፣ ወዲያው ደርቆ፣ ዘይት መቀባት አለበት። አለዚያ ሎሚው ራሱ መልሶ ያዝገዋል። ቀለም ለመፋቅ የሚያስብ ሁሉ ይህን ይስማ፤ በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ሊኖር ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ አቧራው በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። በውኃ እያራሱ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ፣ ልጆች ከሌሉበት ሥፍራ መሥራት ነው።

በየኩሽኔታው ያሉትን ትንንሽ የብረት ኳሶች ስታወጡ ከሥር ጨርቅ አንጥፉና ቁጠሯቸው። በተለመደው አሠራር የኋላው እምብርትና የፔዳሉ መዞሪያ ሩብ ኢንች የሆነውን ኳስ ሲጠቀሙ፣ የፊቱ እምብርት ከዚያ ያነሰውን ነው የሚጠቀመው። የተፋቀ ኳስ ካለ ያን አንዱን ብቻ ሳይሆን በአንድ በኩል ያሉትን ሁሉ በአንድ ላይ መለወጥ ይሻላል። አዲስ ግራሶ አድርጎ መመለስ፤ ሲጠብቅም ሳይታሰርና ሳይወላወል በነጻ እስኪዞር ማስተካከል ነው።

ቴላዮው ተሰንጥቆ ከሆነ ወደ በያጅ መውሰድ ግድ ነው። የድሮው ቴላዮ ቧንቧዎቹ በነሐስ የተያያዙ በመሆናቸው፣ ለጥገናውም ነሐስ ተመራጭ ነው፤ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብየዳ ቀጭኑን ቧንቧ አቃጥሎ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል። የቆዳ ኮርቻ የተረፈለትም ሰው ቅባት አያብዛበት፤ ቆዳው ከመጠን በላይ ሲርስ ይለጠጥና ይረግባል።

ፍሬኑ ላይ ቀልድ የለም። የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን እምብዛም አይዘውም። በክረምት ከላይኛው ሠፈር ቁልቁል የሚወርድ ሰው ይህን ካላወቀ፣ እኛ ሳንፈልግ ድንኳን እንድንተክል ያደርገናል። ፍሬኑን ቀደም ብሎ ቀስ እያሉ መያዝ፣ ጎማውንም የያዘውን ውኃ እንዲጠርግ ማድረግ ነው።

እንደየፍላጎት ማበጀት

ብስክሌትን ለራስ እንደሚመች ማበጀት ነውር አይደለም፤ የጥንቱም ልማዳችን ነው። በቅሎ ያለ ግላስ፣ ያለ ጌጠኛ ልጓም፣ ያለ ቃጭል ይወጣ ነበርን? ብስክሌተኛውም መሪው ላይ መስተዋት፣ ሽቦዎቹ ላይ ባለቀለም ክር፣ ከኋላ ፖርቶመጋላ፣ ከፊት ደወል ያደረገው ከዚያው የጌጥ ፍቅር ነው። እንዲያውም ባለቤቱ የጨመረው ጌጥ ከፋብሪካው ሥራ ያላነሰ ታሪክ ስለሆነ፣ ስናድስ «ይኼ ኋላ የመጣ ነው» ብለን መጣል የለብንም።

ለከተማችን ሽቅብ ግን ከጌጥ የሚበልጥ አንድ ማሻሻያ እንመክራለን። ብዙ አሮጌ ብስክሌት ከፊት 46፣ ከኋላ 18 ጥርስ አለው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ይዞርና በባለ 28 ጎማ 5.6 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለባሕር ዳር ሜዳ ይህ ጥሩ ነው። የኋላው ጥርስ በ22 ቢለወጥ ግን አንዱ ዙር 4.6 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን ለሽቅቡ ይተርፋል። ሰንሰለቱን በጥቂት አጥንት ማስረዘም ያስፈልግ ይሆናል እንጂ ቴላዮው አይነካም፤ አሮጌው ጥርስም ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ጥሩ ማሻሻያ ማለት እንዲህ ያለው፣ ነገ ቢያስፈልግ ወደ ጥንቱ ሊመለስ የሚችለው ነው።

ለአባላት የምናሳስበው

ዛሬ ባጃጁም አውቶቡሱም ሞልቷል፤ ብስክሌትም ቢሆን ቀላልና ባለ ብዙ ማርሽ የሆነው ከሱቅ ይገዛል። ስለዚህ አሮጌው ለጥቅም ብቻ ይያዝ ብንል ሰሚ አናገኝም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ብረቱ ይቆያል፤ የሚያልፈው የሚያውቀው ሰው ነው። ከማን እንደተገዛ፣ በስንት ብር፣ በየትኛው ዓመት፣ የት የት እንደደረሰበት፣ ማን እንደጠገነው የሚናገር አባት ወይም እናት ዛሬ በመካከላችን ካሉ፣ ነገ ላይኖሩ እንደሚችሉ ከእኛ ከእድርተኞች በላይ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በቤቱ አሮጌ ብስክሌት ያለው አባል ቁጥሩንና ምልክቱን፣ ባለቤቱ የሚያስታውሰውንም ታሪክ፣ በአንድ ገጽ ጽፎ ያስቀምጥ፤ መጻፍ የማይችሉ ካሉ ልጆች ይጻፉላቸው። ሁለተኛ፣ የማደስ ሙያ ያላችሁ፣ የክረምቱን ዕረፍት ተጠቅማችሁ ለሠፈሩ ልጆች አሳዩ። ካላማዳሪ መጠገን የቻለ ልጅ ሌላውንም ከመማር አይመለስም። ሦስተኛ፣ ከኀዘን በኋላ ቤት ሲጸዳ ሽማግሌዎቻችን ዕቃው ሳይሸጥ አንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ ቢሸጥም እንኳ ታሪኩ ተጽፎ፣ ፎቶው ተነሥቶ ይሸጥ።

የተጻፈውን የሚያመጣልን አባል ካለ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት በደስታ እናወጣዋለን። እስከዚያው ሰንሰለታችሁን ዘይት አጠጡ፤ ጎማችሁንም ንፉ። ቸር ይግጠመን።